ማሽላ ሌሊቱን የሚለካበት

አንዱ ገበሬ የበልጉ ዝናብ ቀንቶት ማሽላውን ሚያዝያ መግቢያ ላይ ይዘራል። ጎረቤቱ ዝናቡ ዘግይቶበት ወይም የሚያቀናጀው በሬ አጥቶ ግንቦትን ያጋምሳል። ሁለቱም የዘሩት ከአባት የወረሱትን፣ ክረምቱን በሙሉ ቆሞ የሚከርመውን ነባር ማሽላ ከሆነ ግን ዛላው ብቅ የሚለው በተቀራረበ ሰሞን ነው። ቀድሞ የተዘራው አገዳው ረዝሞ፣ ቅጠሉ ተደራርቦ ይጠብቃል፤ ዘግይቶ የተዘራው አጠር እንዳለ ይደርስበታል። ወሎ ውስጥ በተሁለደሬና በአምባሰል፣ ከሐይቅ ከተማ በላይና በታች ባሉት ማሳዎች ለኖረ ሰው ይህ ወሬ አይደለም። ማሽላ ወሩን ያውቃል ብሎ ያልፈዋል።

ወሩን የሚያውቅበት መሣሪያ በእያንዳንዱ ቅጠል ውስጥ አለ። ፋይቶክሮም ይባላል፤ በፀሐይ ብርሃን የሚገለበጥ የሞለኪውል ማብሪያ ማጥፊያ ነው። አንድ ቅጠል እጅግ ብዙ ይይዛል። የእጅ ሥራን አገላብጦ ማየት የሚወድ ሰው ይህን ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ስለ አሠራሩ ጥራት እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የተሸከመውን ኃላፊነት እንይ። ማሽላ በነሐሴ ዝናብ ውስጥ ፍሬ ቢይዝ እህሉ ዛላው ላይ እንዳለ ይሻግታል። ዝናቡ ጨርሶ ከወጣ በኋላ ቢያብብ ደግሞ መሬቱ የያዘው እርጥበት ፍሬው ሳይሞላ ያልቅበታል። የሚሻለው ጊዜ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ያለው ጠባብ ክፍተት ነው። ወፍም አለ። ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ ያሸተ ማሳ የአካባቢውን ወፍ ለብቻው ይቀልባል፤ ማማ ላይ የወጣው ልጅ ወንጭፉን ቢያጮህ፣ ጉሮሮው እስኪደርቅ ቢጣራ፣ ምን ያህል ይከላከላል? ማሳው ሁሉ አብሮ ሲያሸት ግን ጉዳቱ ለሁሉም ይከፋፈላል፤ ጥበቃውም በደቦ ይሆናል።

ይህን ክፍተት ለማግኘት ዝናብ የሚታመን ምስክር አይደለም። አንድ ዓመት ይቀድማል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። ሙቀትም ያው ነው። በየዓመቱ ሳያዛንፍ የሚመለሰው የቀንና የሌሊት ርዝመት ብቻ ነው። ችግሩ እኛ አገር ልዩነቱ እጅግ ትንሽ መሆኑ ነው። ሐይቅ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ አለፍ ብላ ትገኛለች። በዚያ ቦታ የዓመቱ ረጅም ቀን፣ ሰኔ 14 አካባቢ፣ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ 12 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ያህል ነው። አጭሩ ቀን፣ ታኅሣሥ 12 አካባቢ፣ 11 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ያህል ይሆናል። የሁለቱ ልዩነት አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ስቶክሆልም ላይ ከ12 ሰዓት ይበልጣል። በሐምሌ መጨረሻ ቀኑ በየዕለቱ የሚያጥረው ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ነው። ሰው ሰዓት ይዞ እንኳ ልብ የማይለውን ይህን ለውጥ፣ ያውም ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ በሚውልበት ወቅት፣ ማሽላው ይለካዋል።

ዕፅዋት የቀን ርዝመት እንደሚለኩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለ የመንግሥት የእርሻ ምርምር ጣቢያ፣ የዚያ አገር ብርድ እስኪገባ ድረስ አላብብ ያለ የትምባሆ ዝርያ አስቸግሯቸው ነበር። ተክሉን ከሰዓት በኋላ ጨለማ ክፍል እያስገቡ ቀኑን አሳጠሩለት፤ አበበ። እ.ኤ.አ. በ1938 ሃምነርና ቦነር ሌላ ነገር ጨመሩ። ልብስና የከብት ጭራ ላይ የሚጣበቀውን፣ እሾሃማ ፍሬ ያለውን አረም ወስደው ረጅሙን ሌሊት መሐል ላይ በጥቂት ደቂቃ ብርሃን ቆረጡት። አረሙ ማበቡን ተወ። ስለዚህ የሚለካው ሌሊቱ፣ ያልተቋረጠው ጨለማ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቦርትዊክና ሄንድሪክስ የሚባሉት በቤልትስቪል ጣቢያ የትኛው ቀለም ሌሊቱን እንደሚቆርጥ ፈተሹ። ቀይ ሆነ። በ1952 ደግሞ በሰላጣ ዘር ላይ የሚያስገርም ነገር አሳዩ፦ ቀይ ብርሃን ዘሩን ያበቅለዋል፤ ወዲያው ከቀይ ማዶ ያለው፣ ዓይናችን በጭንቅ የሚያየው ብርሃን ቢከተል ቡቃያው ይቀራል፤ እንደገና ቀይ ቢበራ ይበቅላል። ስንት ጊዜ ቢያፈራርቁበት የሚወስነው የመጨረሻው ብርሃን ነው። በዚህ ብቻ ተነሥተው፣ ነገሩን በዓይናቸው ሳያዩ፣ በሁለት ቅርጽ መካከል የሚገለበጥ አንድ ቀለም ያለው ነገር ዘሩ ውስጥ አለ አሉ። በ1959 በጨለማ ካደገ የበቆሎ ቡቃያ ውስጥ አወጡት። ትንበያቸው ልክ ነበር። ያለ ማስረጃ አለ ማለት ቀላል ነው፤ ቀለሙን፣ የሚገለበጥበትን ብርሃንና የሚመለስበትን መንገድ ቀድሞ ተናግሮ ያንኑ ማግኘት ግን በሳይንስ ታሪክ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

አሁን ቀረብ እንበል። ፋይቶክሮም ፕሮቲን ነው። ከ1,100 በላይ አሚኖ አሲዶች ተቀጣጥለው፣ ተጣጥፈው ይሠሩታል፤ ሁለት ሁለት ሆኖ ተጣምሮ ይኖራል። ፕሮቲኑ ራሱ ቀለም የለውም፤ ቀይ ብርሃን በላዩ ቢያልፍ አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ጎን ላይ ባለች ኪስ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ማቅለሚያ ነው፤ አራት ቀለበቶች በተርታ የተያያዙበት። ተክሉ ይህን ማቅለሚያ ከሌላ ቦታ አያመጣውም። የሚነሣው ከሄም ነው፤ የእኛን ደም ቀይ የሚያደርገው ያው ሄም። ክቡን በአንድ ቦታ ይበጥሰዋል፣ መሐሉ ላይ ያለውን ብረት ያወጣለታል፣ የተበጠሰውን ዘርግቶ ተርታ ያደርገዋል። የእኛም ገላ ይህንኑ ያደርጋል፤ ተመትቶ የጠቆረ ቆዳ ሲድን ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ሄም በዚሁ መንገድ ሲፈርስ ነው። እኛ ዘንድ የሚጣል ጥራጊ የሆነው እዚያ የመሣሪያው ዋና ክፍል ሆኗል። ክሎሮፊልም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ስለዚህ ቅጠሉ ብርሃን የሚበላበትም ብርሃን የሚያይበትም ነገር ከአንድ ግምጃ ቤት የወጣ ነው።

ማቅለሚያው ከፕሮቲኑ ጋር የተጋመደው በአንድ ጠንካራ ማሰሪያ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ቀለበት ጫፍ፣ በሰልፈር በኩል። አራተኛው ቀለበት እንደዚህ አልተጋመደም። ሦስተኛውንና አራተኛውን የሚያገናኘው ድልድይ ላይ ድርብ ማሰሪያ አለ፤ ድርብ ማሰሪያ ደግሞ በባሕርዩ አይዞርም። ሞለኪውሉን በክፍል ሙቀት ዓመት ቢያናውጡት በዚህ በኩል በቀላሉ አይገለበጥም። 660 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው የቀይ ብርሃን ቅንጣት ሲያርፍበት ግን ድርቡ ለቅጽበት ይላላል። ያኔ ቀለበቱ በማጠፊያዋ ላይ እንደምትዞር የመስኮት ክንፍ ግማሽ ዙር ይገለበጣል፤ ማሰሪያው መልሶ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከሰከንድ ቢሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የበለጠ ያስደንቀኛል። ማቅለሚያው ከፕሮቲኑ ክብደት ከሁለት መቶ አንዱ እጅ ያህል ብቻ ነው። አንድ ቀለበቱ ብትገለበጥ ያን የሚያህል አካል ምን ይሰማዋል? በሰው እጅ በተሠሩ ብዙ ሞለኪውሎች ላይ የሚታየው ድክመት እዚህ ላይ ነው፤ ትንሿ ነገር ትዞራለች፣ ትልቁ አይሰማም። ፋይቶክሮም ግን ሰንሰለቱን አበጅቷል። ቀለበቷ ስትዞር ከኪሱ ግድግዳ ጋር የነበራትን የሃይድሮጂን ትስስር ለቃ ሌላ ትይዛለች። ከኪሱ በላይ የተዘረጋ፣ ምላስ የሚሉት የፕሮቲን እጥፋት አለ፤ እንደ ጠፍጣፋ ክር ወጥቶ የነበረው በዚህ ለውጥ ምክንያት ተጠቅልሎ ጥምዝ ይሆናል። ሲጠቀለል ያጥራል፤ ሲያጥር የያዘውን ይስባል፤ የተጣመሩት ሁለቱ አካላት አቀማመጣቸውን ይለውጣሉ። ተመራማሪዎች ይህን ያዩት በቅርብ ነው፦ ከባክቴሪያ የተገኘ የፋይቶክሮም ክፍል ቅርጹ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ፤ የምላሱ መጠቅለል በ2014 ታየ። ከብርሃኑ እስከ መጨረሻው ቅርጽ ድረስ ያለው ጉዞ የሰከንድ ክፍልፋዮች ነው። ጠቅላላው ሥራ ደግሞ ጊርስ የለው፣ ስፕሪንግ የለው፣ ነዳጅም አይቀዳለት፤ የሚያንቀሳቅሰው ያው ቀለበቷን የመታው አንድ የብርሃን ቅንጣት ነው።

ቅርጹን የለወጠው ፕሮቲን ቀለሙንም ለውጧል። ሰማያዊ የነበረው ወደ አረንጓዴ ያደላል። አሁን የሚስበው 730 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ማዶ ቀይ ነው፤ እሱ ሲመታው ቀለበቷ ወደ ነበረችበት ትመለሳለች። አንዱ ብርሃን ያበራዋል፣ ሌላው ያጠፋዋል። የበራው ፋይቶክሮም ወደ ሴሉ ኒውክለስ ይገባና ጂኖችን የሚያዙ ሌሎች ፕሮቲኖችን ይዞ እንዲፈርሱ ያደርጋል። ቡቃያ ከአፈር ሲወጣ መርዘሙን ገትቶ ቅጠል መዘርጋት የሚጀምረው፣ መልኩም አረንጓዴ የሚሆነው በዚህ ትእዛዝ ነው።

ሥራውን አብዝቼ እንዳላሞግስ አንድ ነገር ልጨምር። ፋይቶክሮም ቁጥብ መሣሪያ አይደለም። ከሚያርፉበት ሰባት ያህል የቀይ ብርሃን ቅንጣቶች የሚገለብጠው አንዱ ብቻ ነው፤ የቀሩት ሙቀት ሆነው ይባክናሉ። የበራው ቅርጽም ቀይ ብርሃንን ጨርሶ አይተውም፤ ስለዚህ በቀይ ብርሃን ብቻ ቢታጠብ እንኳ ሁሉም አይበሩም። በፀሐይ ላይ ከግማሽ ትንሽ ከፍ የሚሉት በርተው፣ የቀሩት ጠፍተው፣ ሁሉም ያለማቋረጥ ወዲያና ወዲህ ይገለበጣሉ። መጀመሪያ ሲያዩት ጉድለት ይመስላል። ነገር ግን ፋይቶክሮም የሚያነበው የብርሃኑን ብዛት ሳይሆን የሁለቱን ቀለማት ሚዛን መሆኑን ሲያስቡ ጉድለቱ ጥቅም ይሆናል። የክረምት ደመና ብርሃኑን ይቀንሳል እንጂ የቀዩንና የማዶ ቀዩን ሚዛን እምብዛም አያዛባም። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ፀሐይ ሳትታይ ብትውል ቅጠሉ ቀን መሆኑን አይስትም።

ሚዛኑን የሚያዛባው ሌላ ቅጠል ነው። ክሎሮፊል ቀዩን ይበላል፣ ማዶ ቀዩን ያሳልፋል ወይም ይመልሳል። ሜዳ ላይ ከአንድ ትንሽ በላይ የሆነው የቀይና የማዶ ቀይ ንፅፅር፣ ጥቅጥቅ ባለ ቅጠል ሥር እስከ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ከዚህም አልፎ፣ ጎረቤት ገና ጥላውን ሳይጥል ከቅጠሉ የተመለሰው ማዶ ቀይ ከጎን ይደርሳል፤ ተክሉ ሊጋረድ መሆኑን ከመጋረዱ በፊት ያውቃል፣ አገዳውን እያቀጠነ ለመቅደም ይረዝማል። ወሎ ውስጥ ማሽላው ጉልበት ሲደርስ በበሬ መሐሉን እየሰነጠቁ የሚያሳሱት ሽልሻሎ በዚህ ዓይን ሲታይ ሌላ ነገር ነው። አረሙን ይነቅላል፣ ውኃ ያሰርጋል፤ በዚያው ላይ ለቀረው ማሽላ የጎረቤቱን ቅጠል ምልክት ይቀንስለታል። ወፍራም አገዳ የሚፈልግ ገበሬ ሽልሻሎ የማይዘልለው ያለ ምክንያት አይደለም። መሬቱን ደግሞና ሰልሶ የሚያርሰው የጤፍ ገበሬም ከዚሁ መሣሪያ ጋር ይሠራል፦ አፈር ሲገለበጥ ለዓይን ብልጭታ ያህል ብርሃን ያየ የአረም ዘር ፋይቶክሮሙ በርቶ ይበቅላል፤ ቀጣዩ እርሻ ያጠፋዋል።

ወደ ሌሊቱ እንመለስ። ብርሃን ሲጠፋ የበራው ፋይቶክሮም በራሱ ቀስ እያለ ይጠፋል፤ ፍጥነቱ ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ይለያያል፣ ሙቀት ሲጨምር ይፈጥናል። በዚህ ምክንያት መሣሪያው ሙቀትንም እንደሚለካ እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት ቡድኖች አሳይተዋል። የመጀመሪያዎቹ ሊቃውንት ተክሉ ሌሊቱን የሚቆጥረው በዚህ መጥፋት ነው ብለው ገምተው ነበር። አልሆነም፤ በሙቀት የሚፈጥንና የሚዘገይ ነገር ወርን ለመቁጠር አይበቃም። ቆጣሪው ሌላ ነው፦ በየሴሉ ውስጥ በ24 ሰዓት ዙር የሚነሡና የሚወድቁ ጂኖች አሉ። የፋይቶክሮም ድርሻ ለዚያ ቆጣሪ «አሁን ብርሃን ነው» ወይም «አሁን ጨልሟል» ብሎ መመስከር ነው።

በማሽላ ላይ ይህ እንዴት እንደተደራጀ ዛሬ በደንብ ይታወቃል። ማበብን የሚከለክሉ ሁለት ጂኖች አሉ፤ ቆጣሪው ጠዋትና አመሻሽ ላይ ይቀሰቅሳቸዋል። የአመሻሹ መነሣት ግን ብርሃን ካላገኘ አይሳካም። በሰኔ ረጅም ቀን አመሻሹ ገና ብርሃን ስለሆነ ፋይቶክሮም ይመሰክራል፣ ከልካዮቹ ይነሣሉ፣ ማሽላው አገዳና ቅጠል ብቻ ይሠራል። ቀኑ እያጠረ ሲመጣ ያው የአመሻሽ ሰዓት ጨለማ ውስጥ ይገባል። ምስክር ይጠፋል፣ ከልካዮቹ ይደክማሉ፣ ከቅጠሉ የማበብ መልእክት ወደ አገዳው ጫፍ ይሄዳል፣ ጫፉ ቅጠል መሥራቱን ትቶ ዛላ ይጀምራል። ሁለት ዝንጉ ምስክሮችን ማለትም ዝናብንና ሙቀትን ወደ ጎን አድርጎ አመሻሽ ላይ ብርሃን አለ ወይስ የለም ብቻ ብሎ መጠየቅ፣ በእኔ ግምት የዚህ ሥራ ትልቁ ብልሃት ነው።

ፋይቶክሮም ከሌለ ምን እንደሚሆን የታየውም በዚሁ በማሽላ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ኩዊንቢ የተባለ አዳቃይ የማሽላን የመድረሻ ጊዜ የሚወስኑ ጂኖችን ዕድሜውን ሙሉ ሲለይ ከኖረ በኋላ፣ ሦስተኛው ጂን የተበላሸበት አንድ ዝርያ ተረፈ። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ቀኑ ቢረዝምም ቢያጥርም ቸኩሎ ያብባል። እ.ኤ.አ. በ1997 ጂኑ ሲነበብ የፋይቶክሮም ቢ ትእዛዝ ሆኖ ተገኘ፤ ጽሑፉ መሐል ላይ ስለተዛባ ፕሮቲኑ ሳያልቅ ይቋረጣል።

የእኛ ማሽላ በዚያ አገር ሲዘራ ደግሞ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። በቴክሳስ የሙቀት ወቅት ቀኑ ረጅም ስለሆነ አብዛኛው የኢትዮጵያ ነባር ማሽላ እዚያ ይረዝማል፣ ይረዝማል፣ ውርጭ እስኪመጣ አያብብም። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሐሩር አገር ማሽላዎችን ቀኗ አጭር በሆነችው ፖርቶ ሪኮ ላይ እያዳቀሉ፣ ልጆቹን ቴክሳስ ላይ እየመረጡ፣ ይህን የሌሊት መለኪያ የሚያላላ ፕሮግራም ለዓመታት አካሄዱ። ድርቅን በመቋቋም የታወቀውና ዓለም ሁሉ የሚያዳቅልበት ቢ 35 የተባለው ዝርያ የተገኘው ከኢትዮጵያ ማሽላ በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። መለኪያውን ለማስለቀቅ ያን ያህል ድካም መጠየቁ ለአሠራሩ ጥንካሬ ጥሩ ምስክር ነው።

ሰው በራሱ እጅ የሠራቸው የብርሃን ማብሪያ ማጥፊያዎችም አሉ። አዞቤንዚን የተባለው ሞለኪውል በብርሃን እንደሚገለበጥ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ይታወቃል። ሆላንዳዊው ቤን ፌሪንጋ በ1999 በብርሃን ኃይል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ሞለኪውል ሠራ፤ ለዚህና ለመሰል ሥራዎች በ2016 ከሶቫዥና ከስቶዳርት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ድንቅ ሥራ ነው፤ አድናቆቴን አልነፍገውም። ግን አስተውሉ፦ የመጀመሪያው ሞተር የሚሽከረከረው በአልትራቫዮሌት ብርሃንና በሙቀት እርዳታ ነበር። አልትራቫዮሌት ጉልበተኛ ነው፤ ደጋግሞ ሲመታ የሚያንቀሳቅሰውን ራሱን ይሰብራል። ፋይቶክሮም የሚሠራበት ቀይ ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ሕያው ሥጋን ሳይጎዳ ዘልቆ ይገባል። ይህን የተገነዘቡ ተመራማሪዎች ከ2002 ጀምሮ የተክሉን ፋይቶክሮም ራሱን ወስደው በእርሾ ሴል ውስጥ ጂን ለማብራትና ለማጥፋት ሲጠቀሙበት ቆይተዋል። አዲስ ከመሥራት ያለውን መዋስ መርጠዋል።

የቀረኝ የገበሬው እጅ ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን ተፈጥሮ ሠራችው፤ በየሸለቆው ልክ ያስተካከለው ግን ሰው ነው። ገበሬው አዝመራው ሳይታጨድ ማሳው ውስጥ ገብቶ ያማረውን ዛላ ለዘር ይመርጣል፣ ቤት ወስዶ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ይሰቅለዋል። የሚመርጠው በሰዓቱ የደረሰውን ነው፤ የዘገየው አልሞላም፣ የቸኮለው ሻግቷል ወይም ወፍ በልቶታል። ይህ በየዓመቱ ለዘመናት ሲደጋገም የአምባሰል ተዳፋት ማሽላ ለአምባሰል፣ የሐይቅ ዳር ማሽላ ለሐይቅ ዳር እንዲስማማ ሆኗል። በዓይን የሚመረጠው ነገር ደግሞ ጊዜ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1973 ከወሎ የተሰበሰቡ ሁለት ማሽላዎች በፕርዱ ዩኒቨርሲቲ ሲመረመሩ ላይሲን የተባለው ጠቃሚ የፕሮቲን ክፍል ከሌሎች ማሽላዎች በእጅጉ በልጦ ተገኘባቸው። የወሎ ገበሬ ወተት በጉንጬ የሚለውን ዘር እሸቱን ጠብሶ እየበላ ያቆየው የፕሮቲን ሠንጠረዥ አይቶ አልነበረም።

ዛሬ ይህ የተስማማ ዘር እየሳሳ ነው። በልግ ሲያስቸግር ሚያዝያ ላይ የሚዘራው ረጅሙ ማሽላ ጊዜ ያጣል፤ ገበሬው ወደ ጤፍ ወይም ቶሎ ወደሚደርስ የተሻሻለ ማሽላ ይዞራል። በተሻሻሉት ላይ ክፉ ቃል የለኝም። ገቢሳ እጄታና ባልደረቦቹ ያወጧቸው፣ አቀንጭራን የሚቋቋሙት ጎቢዬና አብሽር ሌላ የማይበቅልበት ማሳ ላይ እህል ሰጥተዋል። ነገር ግን ቶሎ የሚደርሰው ማሽላ ከተዘራበት ቀን ጀምሮ ቆጥሮ ያሸታል እንጂ ሌሊቱን ብዙም አይጠብቅም፤ ስለዚህ ዘሪው ራሱ ቀኑን በትክክል መምረጥ አለበት፣ ከጎረቤቱ ጋርም መስማማት አለበት። ድሮ ዘሩ ይሸከም የነበረውን ኃላፊነት አሁን ሰው ተሸክሞታል። የነባሩ ዘር ዋጋ አስቀድሞ የገባው የዕፅዋት ዘረመል ባለሙያው መላኩ ወረደ ነበር። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ዘሩ የተበላበት ገበሬ ማሳው ላይ ነባሩን እያበዛ እንዲጠብቅ በወሎና በሸዋ የጀመረው ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አሰጥቶታል።

ለወረዳ ግብርና ባለሙያዎችና ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ልመና አለኝ። ነባር ማሽላ ስትሰበስቡ ስሙን፣ ከፍታውንና የእህሉን መልክ ብቻ አትመዝግቡ። በገበሬው በራሱ ማሳ ላይ የተዘራበትን ቀንና ዛላው የወጣበትን ቀን ሁለቱንም ጻፉ፤ ቢቻል በአንድ ቀበሌ ሚያዝያ ከተዘራውም ግንቦት ከተዘራውም። ሌላ ኬክሮስ ላይ ባለ የምርምር ጣቢያ የተቆጠረ ቀን የዚያን ጣቢያ ሌሊት እንጂ የአምባሰልን ሌሊት አይነግረንም። ዘሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቆያል። ሁለቱን ቀናት የሚያውቁት ሽማግሌዎች ግን የሚጠየቁት ዛሬ ነው።